የዘንባባ ግንድ በቶርኖ ላይ፦ ለስላሳውን ጠብቆ ጠንካራውን መቁረጥ

ከዘንባባ ግንድ ጎድጓዳ ሳህን መቅረጽ ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ እንጨት በቶርኖ መቅረጽ ለሚያውቁ፣ ዘንባባ ላይ ሲደርሱ ግን ገጹ ለሚሻክርባቸው፣ የሳህኑ እግር ከቶርኖው መያዣ መንጋጋ ለሚያመልጥባቸው፣ የቀቡት ዘይት በታች በኩል ለሚወጣባቸው ሰዎች ነው። ችግሮቹ የተለያዩ ይመስላሉ፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው። በዘንባባ ውስጥ ጠንካራው ክር በንጽሕና የሚቆረጠው ዙሪያውን የከበበው ለስላሳ ሙሌት ደግፎ ሲይዘው ብቻ ነው። ሙሌቱ ከላላ፣ ከረጠበ ወይም ከተፈረከሰ፣ መሮው ምንም ያህል ቢሳል ክሩን ይነቅለዋል እንጂ አይቆርጠውም። ስለዚህ ከግንዱ ምርጫ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሽፋን ድረስ ዓይኔ የሚያርፈው ለስላሳው ክፍል ላይ ነው።

ሌሎች ዛፎች ከቅርፊታቸው በታች ባለ ሕያው ሽፋን አማካኝነት በየጊዜው ይወፍራሉ፤ የዕድገት ቀለበት የሚሠራውም ያ ሽፋን ነው። ዘንባባ ይህ ሽፋን የለውም። በዕፅዋት ምደባ የሚቀመጠው ከሣር፣ ከቀርከሃና ከሙዝ ወገን ነው። ግንዱን አግድም ቆርጣችሁ ብታዩት ቀለበት የለም፤ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ጨረርም የለም፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች ቅርንጫፍ ስለማያወጡ የቅርንጫፍ አንጓም አታገኙም። የሚታየው ነጣ ባለ መደብ ላይ የተበተነ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በግንዱ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ የአንድ ክር ጫፍ ነው። በማጉያ መነጽር ቀረብ ብላችሁ ስታዩት፣ የነጥቡ አንድ ጎን ጥቅጥቅ ያለ፣ ስለት ሲያልፍበት የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ክፍል ነው፤ ሌላው ጎኑ ደግሞ ውኃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ያሉበት ነው። ከነጥቡ ውጪ ያለው ሁሉ ሙሌት ነው፤ በጥፍር የሚጎደጉድ፣ ውኃ የሚጠጣ፣ በብርሃን ፊት ሲታይ ጥቃቅን ክፍተት የሞላው።

ክሮቹ በሁሉም ቦታ እኩል አልተሰራጩም። ወደ ግንዱ ዳር ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ወደ መሃል ሲገቡ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸውም ሙሌቱ ይበዛል። ከሥር ወደ ላይ ሲወጣም ግንዱ እየቀለለ ይሄዳል፤ የታችኛው ክፍል ዕድሜው ስለሚበልጥ የሕዋሳቱ ግድግዳ ከዓመት ዓመት እየደነደነ መጥቷል። የኮኮናት ግንድ ሰንጥቀው ጣውላ የሚያወጡ ባለሙያዎች እንጨቱን በሦስት ደረጃ ይለዩታል፤ በሜትር ኩብ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ጠንካራ፣ ከ400 እስከ 600 ያለው መካከለኛ፣ ከ400 በታች ያለው ለስላሳ ይባላል። ከአንድ ግንድ ሦስቱም ይወጣሉ። ይህ ማለት በአንድ ሳህን ውስጥ ጫፉና እምብርቱ ሁለት የተለያዩ እንጨቶች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው፤ አንዱ ጋር የሚስማማ አቆራረጥ ሌላውን ሊያበላሸው ይችላል።

በዝርያ መካከል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። ፓልሚራ የሚባለው ዘንባባ ጥቁር፣ ወፍራምና በጣም ደረቅ ክር አለው፤ ሲያልቅ ውበቱ ዓይን ይስባል፤ መሮ ግን ይፈታተናል። የኮኮናት ግንድ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፤ ዳሩ ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ለጀማሪ ከሁሉም የሚመቸው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የተምርና ዋሺንግቶኒያ የሚባለው የጌጥ ዘንባባ ግንድ ላላ ያለ ነው፤ ሙሌቱ ብዙ፣ ክሩ ረጅምና እምቢተኛ ስለሆነ ያለማጠንከሪያ ጥሩ ሳህን አይወጣውም። የሚያምር የለም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ሙከራው ተምር ላይ የተጣበቀ ሰው ዘንባባን በሙሉ ሊጠላ ይችላል፤ ያ ደግሞ ያሳዝናል።

ግንድ ሲመረጥ ከታችኛው ክፍል፣ ከሥሩ ከፍ ብሎ ያሉትን ጥቂት ሜትሮች ውሰዱ። ከተቆረጠው ፊት ላይ ከዳር ወደ መሃል በየጣት ስፋቱ አውራ ጣታችሁን በጥፍር በኩል ተጫኑ። ጥፍሩ ምልክት ሳይተው የሚመለስበት ስፋት የሥራችሁ ክልል ነው፤ ጥፍሩ የሚሰምጥበት ቦታ ከተቻለ ተቦርቡሮ ሰጋቱራ መሆን ያለበት ነው። የአሮጌ ቅጠል መሠረት ግንዱ ላይ ከቀረ በሥሩ አሸዋና ጠጠር ያጠራቅማል፤ ቶርኖ ላይ ሳይወጣ በመጥረቢያና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት የመሮ ዕድሜ ያራዝማል። ቅጠሉ ገና ያለበትን ግንድ የምታጸዱ ከሆነ፣ በተለይ በተምር ወገን ባሉት ላይ፣ ከቅጠሉ ግርጌ ያለውን እሾህ ተጠንቀቁ። መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ የተሰበረ የዘንባባ እሾህ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የመገጣጠሚያ ብግነት ያስከትላል፤ ሰውየው እሾሁን ከረሳው በኋላ እንኳ ጉልበቱ ወይም ጣቱ ሲያብጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ እብጠት ያየ ሰው ለሐኪም እሾህ እንደወጋው መናገር አለበት።

ሞቶ የወደቀ ዘንባባ ስታገኙ ደግሞ ለምን እንደሞተ እዩ። ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ ከደቡባዊ እስያ ተነሥቶ በብዙ የዓለም ክፍሎች የተሰራጨ፣ ትሉ ግንዱን ከውስጥ የሚቦረቡር ተባይ ነው። በነቀዙ የተበላ ግንድ ውስጥ አውራ ጣት የሚያስገባ ዋሻና የታኘከ ክር ታያላችሁ። እንዲህ ያለውን ግንድ ጭኖ ከቦታ ወደ ቦታ መውሰድ ተባዩን ለሌሎች ዘንባባዎች ማድረስ ነው፤ በብዙ አገሮችም በሕግ የተከለከለ ነው። ለአንድ ሳህን ሲባል የሰው ዛፍ አይገደልም።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልግባ፤ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ እዚህ ላይ ያልቃል። ግንዱን እንደ ዲስክ አግድም ቆርጦ እምብርቱን መሃል አድርጎ መቅረጽ ብዙዎችን ይስባል። ነጥቦቹ በወለሉ ላይ በሙሉ ይታያሉ፤ ጫፉም ዙሪያውን ጠንካራ ይሆናል። ችግሩ ወለሉ ነው፤ ከሁሉም የላላው እምብርት ሳህኑ ከሁሉም ጽናት በሚፈልግበት ቦታ ይውላል። ከዚህም በላይ የክሮቹ ቀዳዳዎች ወለሉን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው ይበሱታል። በአየር መምጠጫ ሳህን የሚይዙ ሰዎች ይህን ቶሎ ይረዱታል፤ አየሩ በእንጨቱ ውስጥ ስለሚያልፍ መምጠጫው አይዝም፤ ሳህኑም ተፈናጥሮ ሊሄድ ይችላል።

እኔ የምመርጠው ግንዱን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን መጠቀም ነው፤ የሳህኑ እግር ወደ ቅርፊቱ፣ አፉ ወደ እምብርቱ ይዞራል። የግማሽ ግንዱ ጀርባ ክብ ስለሆነ የሳህኑ የውጪ ቅርጽ ከግንዱ ጠንካራ ዳር ጋር አብሮ ይጎብጣል። እግሩ የሚወጣው ክሮቹ ከተጠጋጉበት ቦታ ስለሆነ መንጋጋ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለስላሳው እምብርት የሚገኘው ሳህኑ በሚቦረቦርበት ቦታ ነው፤ ተቦርቡሮ ይወጣል። የሚቀረው ድካም በግንዱ ቁመት አቅጣጫ ያሉት ሁለቱ የጫፍ ክፍሎች ናቸው፤ እነርሱ ወደ ለስላሳው ክልል ስለሚወጡ ማጠንከሪያ ይፈልጋሉ። ይህን ለመቀነስ ሳህኑን ጠለቅ ያለ ሳይሆን ዘርጋ ያለ አድርጉት። ጥልቅ ሳህን ከዘንባባ መፈለግ ከግንዱ ጋር መጣላት ነው።

ስለ ማድረቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ለዘንባባ አይሠራም። ሌላ እርጥብ እንጨት እንዳይሰነጠቅ በወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ወይም ጫፉ ሰም ተቀብቶ ቀስ እያለ ይደርቃል። ዘንባባ ግን ስኳርና ስታርች የበዛበት፣ ውኃውም እጅግ ብዙ ነው፤ በለስላሳው ክፍል ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ሊበልጥ ይችላል። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ዘንባባ ሻጋታ ያበቅላል፤ ነጩ መደብ ግራጫና ሰማያዊ ይሆናል፤ ያ ቀለም ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ በመፋቅ አይወጣም። በአንጻሩ ጨረርና ቀለበት ስለሌለው በጎንና በመሃል አቅጣጫ የሚጨማደደው ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው፤ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄደው የተለመደው ትልቅ ስንጥቅም ብዙ አያሰጋም። ስለዚህ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ቦታ፣ ከሥሩ በእንጨት ዘንግ ተነሥቶ፣ በሁሉም ፊቱ አየር እየነካው ቢደርቅ ይሻላል።

እርጥቡን በሻካራው ቀርጾ ማድረቅ ጊዜ ይቆጥባል። በሌላ እንጨት ግድግዳውን የሳህኑን ስፋት አሥረኛ ያህል አድርጎ መተው የተለመደ ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ ሳህን 2.5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለዘንባባ ከዚህ ትንሽ ጨምሩ፤ ለስላሳው ሙሌት ሲደርቅ እየጎደጎደ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የሚፋቅ ትርፍ ያስፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ ከሚዛን የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ክብደቱን በእርሳስ እግሩ ላይ ጻፉ፤ በየሳምንቱ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ዳሩ ደርቆ እምብርቱ ገና ውኃ የያዘ ሳህን እጅን ያታልላል፤ ሚዛንን ግን አያታልልም።

አያያዝ ላይ የምለው አጭር ነው፤ ግን ያለ ድርድር ነው። እግሩን ውስጡ ጉድጓድ አበጅቶ መንጋጋውን ወደ ውጭ በመክፈት መያዝ ለዘንባባ አይሆንም። ክሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ ጨረር ስለሌለ የሚከፈት መንጋጋ ይሰነጥቃቸዋል። የሚያስተማምነው መንጋጋው ከውጭ የሚጨብጠው ሰፊ እግር ነው፤ ስፋቱ ከሳህኑ ስፋት ሲሶ ባያንስ፣ ቢቻል ወደ ግማሹ ቢጠጋ ይመረጣል። እግሩ ከተቀረጸ በኋላ ቀጭን ሱፐር ግሉ እንዲጠጣ አድርጉ፤ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ መንጋጋውን በልክ አጥብቁ፤ አንድ ጊዜ ከዞረ በኋላም እንደገና አጥብቁ፤ ሙሌቱ ትንሽ ስለሚታመቅ መንጋጋው መላላቱ አይቀርም። እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ደረቅ እንጨት የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭ በእግሩ በኩል አጣብቁና መንጋጋው እርሱን ይያዝ። ኮላው በአንድ ጊዜ ይጠጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀጭን ቅብ አድርጋችሁ ጥቂት ጠብቁ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቀብታችሁ አጣብቁ። ሻካራው ቅርጽ ባለ ቀዳዳ ክብ ብረት ላይ በብሎን ታስሮ የሚጀመር ከሆነ ብሎኑ ክሮቹን አቋርጦ ይግባ፤ ከክሮቹ ጋር ትይዩ ሆኖ የገባ ብሎን በእጅ ይነቀላል። የኋላ ድጋፉን ደግሞ ግድ ካልሆነ አታንሡት።

ፍጥነቱን ለማስላት የሳህኑ ስፋት በሴንቲ ሜትር በደቂቃ በሚዞረው ዙር ሲባዛ ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው መካከል ይውደቅ የሚለውን ልማድ እከተላለሁ። ለ25 ሴንቲ ሜትር ሳህን ከ600 እስከ 900 ዙር አካባቢ ይሆናል። በሻካራው ጊዜ ከዝቅተኛው ጀምሩ፤ የዘንባባ ክብደት ከዳር እስከ እምብርት ስለሚለያይ ፍጹም ክብ የሆነ እንጨት እንኳ ሊያወዛውዝ ይችላል። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መከላከያ አድርጉ። ጓንት አታድርጉ፤ የሚዞር ነገር ጓንትን ከነእጁ ይስባል። የዘንባባ ስንጥር መርፌ ነው፤ ከገባ ወዲያው አቁማችሁ በመርፌና በማጉያ መነጽር ሙሉ በሙሉ አውጡት፤ ተሰብሮ የቀረው ያመረቅዛል።

መሮን በተመለከተ የሚያደክመው ድርቀቱ ብቻ አይደለም። በክሮቹ ዳር በተሰለፉ ጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ሲሊካ አለ፤ አሸዋን አሸዋ ያደረገው ያው ንጥረ ነገር ነው። መሮው ከእንጨት ጋር ብቻ ሳይሆን ከደቃቅ ድንጋይ ጋር እየተፋተገ ነው ማለት ነው። በተለመደው ፈጣን ብረት (ኤች ኤስ ኤስ በሚባለው) የተሠራ መሮ ሌላ እንጨት ላይ አንድ ሙሉ ሳህን ሲያወጣ ዘንባባ ላይ ጥቂት ማለፊያ ብቻ ይቆያል። ይህን ተቀብሎ መሳያውን ከቶርኖው አጠገብ ማድረግ ነው። ሻካራውን በካርባይድ (እጅግ ደረቅ የብረት ውሕድ) ጫፍ መሥራት እወዳለሁ፤ ሲሊካውን በደንብ ይቋቋማል። ነገር ግን ካርባይድ እንደ ፈጣን ብረቱ መሮ ስስ ስለት አይዝም፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚሠራው በመፋቅ ነው። ለመጨረሻው ማለፊያ ገና ከመሳያው የወጣ ባለ ቦይ መሮ ያስፈልጋል፤ ከመሳያው በኋላ በአልማዝ ሰሌዳ ቀለል አድርጎ የስለቱን ጭረት ማስወገድ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ከውጭ በኩል ከእግሩ ወደ አፉ፣ ከውስጥ በኩል ከአፉ ወደ ወለሉ ሂዱ። ይህ ክሩ አግድም ተኝቶ የሚቀረጽ የማንኛውም ሳህን ሕግ ነው፤ በዘንባባ ግን ምክንያቱ ይጎላል። በዚህ አቅጣጫ ሲኬድ እያንዳንዱ ክር ሲቆረጥ ከጀርባው የሚደግፈው ሌላ እንጨት ይኖረዋል። በተቃራኒው ሲኬድ ክሩ ባዶ ወደሆነ ጎን ይታጠፋል፤ ሙሌቱም ሊይዘው አይችልም። በግማሽ ግንድ ሳህን ላይ በአንድ ዙር ውስጥ አራት የተለያዩ ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱ ክሩ በጎኑ ተኝቶ የሚታይባቸው ናቸው፤ በእነርሱ ላይ መሮው በጸጥታ ይንሸራተታል። ሁለቱ ደግሞ ክሩ በጫፉ የሚቆረጥባቸው ናቸው። ጆሯችሁን ስጡት፤ መሮው ጥሩ ሲቆርጥ ድምፁ አንድ ወጥ ፉጨት ነው፤ መንቀል ሲጀምር በየዙሩ ሁለት ጊዜ የሚሰማ የመቧጠጥ ድምፅ ይመጣል። ያን ድምፅ ስትሰሙ አቁሙና ያን ሁለት ቦታ በጣት ዳብሱ። ነጥቦቹ ላይ ጣት ሳይሰናከል ካለፈ ክሩ ተቆርጧል። ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ካለ፣ ወይም ገጹ እንደ ብሩሽ ከቆመ፣ ክሩ ተነቅሏል ማለት ነው። መሮውን ሳሉት፤ መጫንን ተዉ፤ የማለፊያውን ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች አድርጉት።

ለመጨረሻዎቹ ማለፊያዎች መሮውን እጀታው ዝቅ፣ ስለቱ ደግሞ ወደ 45 ዲግሪ ያህል አጋድሞ እንዲላጭ ማድረግ ከሁሉም የተሻለውን ገጽ ይሰጣል። የሚወጣው ፍቅፋቂ ስስ ላባ ሆኖ ይወድቃል። በአንጻሩ ጠፍጣፋ መፋቂያን ሳያጋድሉ አስቀምጦ መግፋት ለስላሳው ክፍል ላይ ፈጽሞ አይመከርም፤ ሙሌቱን ይጨፈልቀዋል፤ ክሩንም ከሥሩ ይፈነቅለዋል። በጠንካራው ዳር ላይ ግን በጥንቃቄ ይቻላል።

ጫፉን አታሳሱት። ክሮች በጫፉ ላይ በአንድ በኩል ድጋፍ ስለሌላቸው ተሰንጥረው ይነሣሉ። ጠንካራ የፓልሚራ ወይም የኮኮናት ዳር እስከ 5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ መካከለኛው ላይ ከ8 ሚሊ ሜትር በታች አልሄድም። የጫፉን ሹል ማዕዘን ገና በሻካራው ጊዜ ክብ አድርጉት፤ መጨረሻ ላይ ሹሉን በብርጭቆ ወረቀት ማክበብ ከታሰበ ከዚያ በፊት ተሰንጥሮ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ማጠንከር። የዘንባባ ሥራ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ ያልኳቸው ሁሉ ያለ ማጠንከር ግማሽ መንገድ ብቻ ያስኬዳሉ። ሳህኑ ሊያልቅ ሁለት ወይም ሦስት ማለፊያ ሲቀረው ቶርኖውን አቁማችሁ ገጹን በሙሉ የሚጠጣ ነገር አጠጡት። ሦስት ምርጫ አለ። ቀጭን ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፤ ጥልቀቱም ጥሩ ነው። በአልኮል የቀጠነ ሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ) ርካሽና ሽታው የሚታገሡት ነው፤ ሙሌቱን ግን የሱፐር ግሉን ያህል አያደድርም። ቀጭን ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደድር ሙጫ) ከሁሉም ጠንካራ ያደርጋል፤ ነገር ግን እስኪደርቅ ድረስ መጠበቅ ይፈልጋል። ለስላሳ እምብርት ላይ ኢፖክሲ፣ መካከለኛው ላይ ሱፐር ግሉ፣ ጠንካራው ላይ ሼላክ እላለሁ።

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጭሱም ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። መስኮት ክፈቱ፤ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ። በጥጥ ጨርቅ አትቀቡት፤ ጥጥ ሲነካው ምላሹ ይፋጠንና ጨርቁ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ይግላል፤ ጭሶ ሊቀጣጠልም ይችላል። ከጠርሙሱ በቀጥታ ማንጠባጠብና በፕላስቲክ ቁራጭ ማሰራጨት ይበቃል። ሌላው ነገር ቀለም ነው። ሱፐር ግሉ የነካው ነጭ ሙሌት ይጠቁራል፤ በጥቂት ቦታ ብቻ ከተቀባ የተነጠበ ሳህን ይወጣል። ወይ በሙሉ ቀቡት፣ ወይ አስቀድማችሁ በሼላክ ሸፍኑት። ከደረቀ በኋላ መሮው እንደገና ተስሎ የቀሩትን ማለፊያዎች ያድርግ። ለውጡን እጅ ወዲያው ያውቀዋል፤ ቀደም ሲል እየተፈረከሰ የነበረው ሙሌት አሁን ከክሩ ጋር እኩል ተቆርጦ ይወጣል። ያጠነከራችሁትን ክፍል ቆርጣችሁ ከጨረሳችሁት ደግማችሁ አጠጡት፤ ይህ የሥራው አካል ነው።

የብርጭቆ ወረቀት ሲያዝ ያው ነገር ይመለሳል። በጣት ተደግፎ የሚያለሰልስ ወረቀት ለስላሳውን እየበላ ክሩን ይተወዋል፤ ሳህኑ በዓይን ለስላሳ፣ በመዳፍ ግን ወጣ ገባ ይሆናል። ወረቀቱን በጠንከር ያለ ስፖንጅ ወይም በጎማ ላይ ደግፉት። ከ120 ቁጥር ተነሥታችሁ በ180 እና በ240 አድርጋችሁ 320 ላይ አቁሙ። ከመሮ የቀረ ጉድጓድ ካለ ወረቀት አያወጣውም፤ ወደ መሮ መመለስ ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር መካከል አቧራውን በተጨመቀ አየር ወይም በደረቅ ብሩሽ አስወግዱ፤ የጥቁሮቹ ክሮች አቧራ ነጩ ሙሌት ውስጥ ከገባ መደቡን ያደፈርሰዋል። በዘይት አርጥቦ ማለስለስ ሌላ እንጨት ላይ ጥሩ ነው፤ ዘንባባ ላይ ግን ያንኑ ቡናማ ጭቃ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። አቧራው ሲሊካ ያለበት ስለሆነ ቀጭን የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፤ ደቃቅ አቧራ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርጉ።

ሽፋኑን በተመለከተ ዘይትን ብቻውን አትጠቀሙ። ቀዳዳዎቹ ዘይቱን እስከ ማዶ ይወስዱታል፤ ከቀናት በኋላም ገጹ ላይ ጠብታ ሆኖ ይመለሳል። መጀመሪያ ቀዳዳውን በሁለት ወይም በሦስት ቀጭን ሽፋን ሼላክ ዝጉ፤ በየመካከሉ በ320 ቁጥር ቀለል አድርጋችሁ አለስልሱ፤ ከዚያ ቫርኒሽ ወይም ሰም የተቀላቀለበት ጠንካራ ዘይት ቀቡ። ነጥቦቹ አካባቢ ማብረቁ እየሰመጠ ከታየ ቀዳዳው አልተዘጋም፤ ሌላ ሽፋን ይፈልጋል። የተልባ ዘይት ወይም እርሱ ያለበት ቫርኒሽ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

እንዲህ ያለቀ ሳህን ለፍራፍሬ፣ ለለውዝና ለደረቅ ነገር ይሆናል። ለፈሳሽ አልሰጠውም፤ ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ቢጫር ውኃው በክሮቹ ቀዳዳ ገብቶ ሙሌቱን ያሳብጠዋል። ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይድረቅ። ከጊዜ በኋላ ጫፉ ላይ ጥቂት ክሮች ቢነሡ በቀጭን ሱፐር ግሉ አጠጡና ሲደርቅ በ320 ቁጥር ወረቀት በእጅ አለስልሱ፤ አንድ ሽፋን ቫርኒሽ ይደገምለት።